ዘውድ ወይስ ጎፈር? የጎጃም ጠገራ ብርና የከተማው ሰብሳቢ ዕጣ

ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ “ዘውድ ወይስ ጎፈር?” ማለት ከቁማር ሁሉ ቀላሉ ነው። ካርታ አይፈልግም፣ ጠረጴዛ አይፈልግም፣ ፖሊስ ብቅ ሲልም ሳንቲሙን ኪስ ከትቶ መሄድ ይበቃል። ስያሜው ከነገሥታቱ ገንዘብ የተወረሰ ሲሆን፣ በአንዱ ወገን ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ በሌላው ወገን ባለጎፈር አንበሳ ይታይ ስለነበር የመጣ ነው። ዛሬ በአሮጌው ገንዘብ ላይ ሌላ ዓይነት ዘውድና ጎፈር ተጀምሯል። የሚጫወቱት ግን ሥራ ፈት ጎረምሶች ሳይሆኑ፣ ካፒታላቸውን የት እንደሚያሳርፉ የቸገራቸው የከተማ ሰዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ “የማይሟሟ ነገር” ፍለጋ ላይ ነው። ወርቅ ያለው ወርቁን ያቅፋል፣ ቦታ ያለው ቦታውን ያጥራል። ለሁለቱም አቅሙ ያልደረሰው ደግሞ አሮጌ ገንዘብ ይገዛል። ደላላው ከመሃረብ ውስጥ ጠገራ ብር አውጥቶ “ከጎጃም የመጣ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ተመልከት፤ ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ ሆኖታል” ይለዋል። ገዢውም ከብሩ በላይ ለዕድሜው ይከፍላል። ለመሆኑ የተከፈለበት ዕድሜ እውን አለ ወይ?

መልሱ አጭር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ስለ ዕድሜው ምንም አይናገርም። የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በስማቸው የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። ምክንያቱ ፖለቲካ አልነበረም፤ ገበያ ነው። በቀይ ባሕር ዙሪያና በኢትዮጵያ ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም ስላለ ነው። የእቴጌይቱን የራስ ጌጥ ዕንቁ በጥፍሩ እየቆጠረ፣ የተፋቀውንና የደበዘዘውን እየመለሰ የሚገበያይ ሕዝብ አዲስ መልክና አዲስ ቁጥር ቢያመጡለት በጄ አይልም ነበር። በመሆኑም የቪየና ማተሚያ ቤት ቁጥሩን እንዳለ አስቀረው። ሚላንና ቬኒስም መቱት፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራሰልስና ቦምቤይ ተጨመሩ። ቪየና እስከ ዛሬ ድረስ ለሰብሳቢና ለቱሪስት ትመታዋለች። በጠቅላላው የተመታው ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል። እንግዲህ ደላላው በመሃረብ የያዘው ጠገራ የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን ያየ ሊሆን ይችላል፤ ከአሥር ዓመት በፊት ቪየና ላይ ተመትቶ በቱሪስት ቦርሳ የመጣም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም 1780 ይላሉ። ሁለቱም “ትክክለኛ” ናቸው፤ ሐሰተኛ አይባሉም። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው።

እርግጠኛ የሆነው አንድ ነገር ክብደቱ ነው። ጠገራ ብር 28.07 ግራም ይመዝናል። ከሺህ 833 እጁ ብር ሲሆን ቀሪው መዳብ ነው። ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም መሆኑ ነው፤ በዓለም ገበያ መለኪያ 0.752 ኦውንስ። (የአባቶቻችን ወቄትም ይኸው የአንድ ጠገራ ክብደት ነበር፤ ወርቅና ዝባድ ይመዘንበት እንደነበር አረጋውያን ያስታውሳሉ።) የዓለም የብር ዋጋ በኦውንስ 30 ዶላር በሆነ ቀን አንድ ጠገራ በማዕድንነቱ 22 ዶላር ከ56 ሳንቲም ያወጣል፤ 50 ዶላር በሆነ ቀን 37 ዶላር ከ60። ይህን ሒሳብ በስልኩ ለመሥራት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልገውም፤ የዕለቱን ዋጋ አይቶ በ0.752 ማባዛት ነው። ከዚያ በላይ የሚጠየቀው ገንዘብ በሙሉ የወሬ ዋጋ ነው። ወሬ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የዚህ ንግድ እውነተኛ ትርፍ ያለው ወሬው ላይ ነው፤ ወሬው የሚረጋገጥ ከሆነ።

ይህን ለመረዳት ወደ አሜሪካ የቁማር ጓዳዎች ጎራ ማለት ይጠቅማል። ካለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ከተሞች በመጠጥ ቤት ጀርባ ሕገወጥ ቁማር ይካሄድ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ጥሬ ገንዘብ ቢገኝ ለፖሊስ ማስረጃ ስለሚሆን፣ ተጫዋቹ ገንዘቡን ለቤቱ አስረክቦ ቺፕ የሚባል፣ ከሸክላ መሰል ነገር የተጠፈጠፈ ክብ መቁጠሪያ ይቀበላል። ባለቤቱ ብልህ ስለሆነ ቺፑ ላይ የቤቱን ስም አያጽፍም፤ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ብቻ። ፖሊስ ቢይዘው “የእኔ አይደለም” ለማለት ነው። ቤቶቹ ተዘጉ፣ ባለቤቶቹ ሞቱ፣ ቺፖቹ በየሣጥኑ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሰብሳቢዎች የራሳቸውን ማኅበር እስከ ማቋቋም ደረሱ።

ለእኛ ነጋዴ ቁም ነገሩ የሚከተለው ነው። ሁለት ፊደል ብቻ የያዘ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቺፕ ዋጋው ከሻይ ብዙም አይበልጥም። የቺፑ አምራች ድርጅቶች ግን የትዕዛዝ ካርድ ይይዙ ነበር፤ ማን አዘዘ፣ በየትኛው አድራሻ ተላከ፣ ስንት ፍሬ፣ በምን ቀለም። ሰብሳቢዎች እነዚያን አሮጌ ካርዶች እየፈለጉ ፊደሎቹን ከመጠጥ ቤቶቹ ጋር አገናኟቸው። “እነዚህ ሁለት ፊደላት በእንዲህ ያለ ከተማ፣ በእንዲህ ያለ መንገድ የነበረው ቤት ናቸው” ተብሎ የተረጋገጠ ቀን ያው ቺፕ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ጭቃው አልተለወጠም፤ የተጨመረው መዝገብ ነው።

የእኛ ቁማርተኞች እንዲህ ያለ ውርስ አልተዉልንም። በጠላና በአረቄ ቤት ጓዳ ካርታ የሚጫወት ሰው መቁጠሪያው የበቆሎ ፍሬ፣ የክብሪት እንጨትና የቢራ ቆርኪ ነው፤ ሲነጋ ተጠርጎ ይጣላል። ለሰብሳቢ የተረፈው ራሱ ገንዘቡ ነው። ገንዘቡ ደግሞ እንደ ቺፑ ዲዳ ነው፤ መዝገብ ይፈልጋል።

የምዕራብ ጎጃም ነገር የሚነሳውም በዚህ ምክንያት ነው። ቡሬ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና የሊበን ገጠር ገንዘብ ያላለፈበት አካባቢ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃም ነጋዴ ወደ ደቡብ ወርዶ በባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ ከሚመጣው ወርቅ፣ ቡናና ዝባድ ጋር ይገናኝ ነበር። ትልቁ ሒሳብ በጠገራ፣ ትንሹ በአሞሌ ጨው ይዘጋል። አሞሌው ከአፋር ሜዳ እየራቀ በሄደ ቁጥር ለአንድ ጠገራ የሚሰጠው ፍሬ እያነሰ ይሄዳል፤ የማጓጓዣ ወጪ ማለት ይህ ነው። (አሞሌ ዛሬ ሰብሳቢ የለውም፤ ዝናብና ወጥ ጨርሰውታል።)

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ቅርቡ ታሪክ ነው። ጣሊያን ለወረራው ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ከኦስትሪያ ጋር ተዋውሎ የጠገራውን መምቻ ማኅተም ወደ ሮም አስመጣ። የኢትዮጵያ ባላገር የሊሬ ወረቀት እንደማይቀበለው ያውቅ ነበርና ሮም ላይ ማርያ ቴሬዛን መምታት ጀመረ። እንግሊዞችም ለገበያቸው ሲሉ በዓመቱ ለንደን ላይ መምታት ጀመሩ። ጦርነቱ ሲከፈት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 ቦምቤይ ላይ ተመታ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ወደ ጎጃም የገባው የኮሎኔል ሳንድፎርድ ቡድን፣ ቀጥሎም በዊንጌት የተመራው የጌዲዮን ጦር ለስንቅ፣ ለጭነት እንስሳና ለአርበኛው የሚከፍለው ጠገራ በግመል ጭኖ ነበር። ያ ጦር በ1933 ዓ.ም. በቡሬና በደምበጫ በኩል አልፎ ነው ደብረ ማርቆስ የደረሰው። በሌላ አነጋገር፣ በዚያ መንገድ ዳር ባሉ ቤቶች ግድግዳና ወለል ሥር የተቀበረው ጠገራ የሁለት ተዋጊ መንግሥታት ደመወዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ከአንዱ ወገን ሮም የመታችው፣ ከሌላው ወገን ለንደንና ቦምቤይ የመቱት። ሁሉም በአንዲት ኦስትሪያዊት እቴጌ መልክ፣ ሁሉም በ1780። የኢትዮጵያ ገበሬ ሙሶሊኒንም ቸርችልንም በማያውቋት ሴትዮ ፊት አስከፍሏቸዋል ማለት ነው።

ባለሙያ ይህን ይለየዋል። በእቴጌይቱ ልብስ ላይ ያለው የጌጥ ዕንቁ አደራደር፣ የንስሩ ጅራት ላባ፣ የፊደሎቹ ውፍረት ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት ይለያያል፤ በውጭ አገር የታተሙ መለያ መጻሕፍትም አሉ። ባለሙያ የማይለየው ግን ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው ማድጋ፣ ከስንት ጓደኞቹ ጋር እንደወጣ ነው። ያንን የሚያውቀው ያወጣው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጠይቀው የለም።

እንበልና ፍኖተ ሰላም አካባቢ አንድ ገበሬ የአያቱን ቤት ሲያፈርስ 40 ጠገራ ብር በማድጋ አገኘ። 935 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ነው። ወደ ገበያ ይዞ የሚወጣው አምስት አምስት እያደረገ ነው፤ ሁሉንም ቢያሳይ ወሬው ይሰማል፣ ዘመድም ይካፈላል ብሎ ይፈራል። ብር ሠሪው በሚዛን ይገዛውና ግማሹን አቅልጦ የአንገት መስቀልና አምባር ያደርገዋል፤ መልኩ ደህና የሆነውን ለደላላ ይሰጣል። ደላላው ባሕር ዳር ያደርሰዋል፣ ከዚያ አዲስ አበባ። አዲስ አበባ ሲደርስ “የጎጃም” የሚል ስም አለው እንጂ ማድጋው የለም፣ ቤቱ የለም፣ 39 ጓደኞቹም የሉም። 40ው አንድ ላይ ቢቀመጡና “ከዚህ መንደር፣ በዚህ ቀን፣ ከዚህ ቤት ወለል ሥር ወጡ” የሚል ወረቀት ቢኖራቸው ኖሮ፣ የትኛው ከሮም የትኛው ከቦምቤይ እንደሆነ ተለይቶ፣ የመጨረሻው የተቀበረበት ዘመን ተገምቶ፣ ለሙዚየምም ለተመራማሪም ለሰብሳቢም አንድ ትልቅ ዕቃ ይሆኑ ነበር። በየኪሱ ሲበተኑ 40 ቁራጭ ብር ናቸው።

ምዕራብ ጎጃም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባየው ግጭት መንገድ በተዘጋ፣ ማዳበሪያ በጠፋ ቁጥር ገበሬ መጀመሪያ የሚያወጣው የሚስቱን ድሪና የአባቱን ጠገራ ነው። ቸግሮት የሚሸጥ ሰው አይከራከርም። ሻጩ ቸኩሎ በሚዛን ሲሸጥ፣ ገዢው ጓጉቶ በዕድሜ ሲገዛ፣ በመካከል ያለው ልዩነት በሙሉ የደላላው ነው። ደላላን መውቀስ ፋሽን ቢሆንም ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ማንም የማይጠይቀውን መረጃ በነፃ ተሸክሞ የሚዞር ነጋዴ የለም።

የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ይህን ገበያ ያውቁታል። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው፣ በኋላም በ2001 ኖቤል ከተጋራባቸው ሥራዎቹ ዋናው በሆነው ጽሑፍ ያስረዳው ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው የማያውቅ ከሆነ ገዢው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በመካከለኛ ዋጋ ደግሞ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው አይሸጥም፤ ገበያው ላይ የሚቀረው ብልሹው ነው። አሜሪካውያን ብልሹ መኪና “ሎሚ” ስለሚሉ ጽሑፉም የሎሚ ገበያ ተባለ። (በእኛ አገር ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት የሚወረወር ስለሆነ ምሳሌው ሲተረጎም ይጣፍጣል እንጂ አይመርም።) በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ኩባንያዎችን ሒሳባችሁን ለሕዝብ ግለጡ የሚለው ይህን የሎሚ በሽታ ለመከላከል ነው። የአሮጌ ገንዘብ ገበያ ግን ምንም የሚገልጥ ሰው የለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው የምኒልክ ብር ዕጣ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸው ገንዘብ እንዲወጣ አውጀው ፓሪስ ላይ አስመቱ። ከብሩ ሌላ አላድ፣ ሩብ፣ ግርሽና ቤሳም ነበረ። ሕዝቡ ግን ጠገራውን አልለቅም አለ፤ የምኒልክ ብር በገበያው እንደ ጠገራው ሊሠለጥን አልቻለም። ክብደቱ ከጠገራው ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ተደርጎ ስለተሠራ፣ የብር መጠኑም ከሺህ 835 ስለሆነ፣ በሚዛን ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። ብር ሠሪው ለሁለቱም ያው ዋጋ ይሰጣል፤ ለሁለቱም ያው ምድጃ አለው። ለሰብሳቢ ግን በፍጹም እኩል አይደሉም። የምኒልክ ብር የወጣው በጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ 1887፣ 1889፣ 1892 እና 1895 የሚሉ አሉ፤ እዚህ ላይ የተጻፈው ዓመት ትርጉም አለው። አንበሳው ያነሳው እግር እንኳ ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ ዓይነቱን ይለያል። የተመታው ብዛት ከማርያ ቴሬዛ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ጎጃም ውስጥ ከ40 ጠገራ መካከል አንድ የምኒልክ ብር ቢገኝና አብሮ ቢቀልጥ፣ የቀለጠው ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠው ነው።

ስለ 50 ሳንቲሟም ጥቂት ማለት ይገባል። መንግሥት ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዶላር አዲስ ገንዘብ አድርጎ ሲያውጅ፣ ብር የለመደው ሕዝብ ወረቀቱን እንዲቀበል 50 ሳንቲሙን ከእውነተኛ ብር አስመታው። ሕዝቡም እንደ ልማዱ ወረቀቱን አወጣና ብሩን ቀበረ፤ መጥፎ ገንዘብ ጥሩውን ያባርራል የሚባለው ነው። እሷም 1936 የሚል አንድ ዓመት ብቻ ስለያዘች ተንኮለኛ ናት፤ የመጀመሪያው ምት ከሺህ 800፣ የኋለኛው 700 ብር ነው። “የጃንሆይ ብር” ተብሎ በጆንያ የሚሸጠውን በአንድ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ ስምንተኛውን እጅ በባዶ ሊከፍል ይችላል። በዓይን አይለይም፤ ማስመርመር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ገንዘቡን በዚህ ላይ ለማሳረፍ የቆረጠ ኢንቨስተር ምን ያድርግ? ጠገራን በብርነቱ ዋጋ፣ በሚዛን፣ ከዕለቱ የዓለም ተመን ብዙ ሳይርቅ የገዛ ሰው ብር ገዝቷል፤ ብር ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል፤ አላጭበረበሩትም። ክብደቱ ከ28 ግራም በግልጽ ከጎደለ፣ ማግኔት ከያዘው፣ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የተጻፈው የላቲን ጽሑፍ ከሌለው ወይም ከደበዘዘ ግን ነገሩ ሐሰት ሊሆን ይችላል። በዕድሜው ዋጋ የሚገዛ ሰው ደግሞ ወረቀት ይጠይቅ። ሻጩ ማን እንደሆነ መጻፍ የግድ አይደለም፤ የመንደሩ ስም፣ የወጣበት ቀን፣ አብሮ የነበረው ብዛት፣ የማድጋው ፎቶግራፍ ይበቃል። ስልክ የሌለው ደላላ የለም። ለዚህ ወረቀት ለገበሬው በፍሬ ጥቂት ጨምሮ የሚከፍል የመጀመሪያው ነጋዴ፣ ቡሬ ላይ ማድጋዎች ሳይበተኑ መምጣት ሲጀምሩ ያያል፤ ዋጋ የሚሰጠው ነገር ይመጣልና።

ማጠብም ይቅር። ሻጩ ዕቃው አምሮ እንዲታይ በአመድና በሎሚ ይፈትገዋል፤ ሰብሳቢ ግን የተፈተገ ገንዘብ ሲያይ ዋጋውን ይቆርጣል፤ ለአንገት ጌጥ ጆሮ የተበየደለት ወይም የተበሳው ደግሞ ከብርነቱ ዋጋ ብዙም አያልፍም። ሎሚው በዚህም በኩል ሎሚ ሆነ።

በመጨረሻ ሱቅ ለመክፈት ያሰበ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሕግ አለ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የወርቅ፣ የብር፣ የነሐስና የመዳብ ገንዘቦችን ከተንቀሳቃሽ ቅርሶች ተራ ይቆጥራቸዋል፤ ቅርስ ደግሞ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። “ለዱባይ ደንበኛ አለኝ” የሚለው ደላላ ይህን ሳይናገር ያልፋል፤ ኤርፖርት ላይ የሚጠየቀው ግን እሱ አይደለም። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ ስለሆነ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት መሸጫ ይገኛል። ዋጋው ከአንድ ጠገራ በእጅጉ ያነሰ ነው።